ስለ ዘር ማጥፋት እውቅናና ክህደት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ በለቅሶ ቤትም ሆነ በሰንበቴ የጅምላ ግድያ ወሬ ሲነሣ፣ «ዘር ማጥፋት ነው»፣ «አይደለም» የሚለው ሙግት አብሮ ይነሣል። ታሪክ አስተማሪ በመሆኔ ሙግቱ ክፍል ውስጥም ይከተለኛል። የሚያሳዝነኝ ሰው መሟገቱ አይደለም፤ ቃሉ የሚሰጠውም የሚነፈገውም በተሳሳተ ሚዛን መሆኑ ነው።

«ዘር ማጥፋት የሚባለው እጅግ ብዙ ሰው ሲያልቅ ነው።»

ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ገዳም ስለፈጸሙት ግድያ ባስተማርኩ ቀን አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ሟቾቹ 449 ከሆኑ ዘር ማጥፋት አይደለም፣ 2,000 ከሆኑ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሟች ቁጥር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድን ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን፣ ያ ቡድን በመሆኑ፣ በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ነው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 ቀናት ውስጥ ወደ 800,000 የሚጠጋ ሰው ተገደለ፤ በቦስኒያዋ ስሬብሬኒትሳ በዓመቱ የተገደሉት ወንዶችና ታዳጊዎች 8,000 ገደማ ናቸው። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ግን ሁለቱንም ዘር ማጥፋት ብለዋል። እንዲያውም የአንድን ቡድን ልጆች በግድ ወደ ሌላ ቡድን ማዛወር፣ ያ ሐሳብ እስካለ ድረስ፣ ደም ሳይፈስም ወንጀሉን ያቋቁማል።

«ዘር» የሚለው የአማርኛ ቃላችንም ያሳስታል፤ የሃይማኖት ማኅበረሰብን ማጥፋት ከትርጉሙ ውጭ ያስመስላልና። የእኛው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ጨምሮ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ ሕግ ነው።

«ከ1948 በፊት የተፈጸመ ድርጊት በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም።»

ሰውን ለመክሰስና ድርጊትን በስሙ ለመጥራት የሚያስፈልገው ነገር አንድ አይደለም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1944 የፈጠረው የሕግ ባለሙያ ራፋኤል ለምኪን፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ያንገበግበው የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ግዛት የተፈጸመው የአርመኖች ፍጅት ነበር። ያ ፍጅት ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ሙዚቀኞች ወላጆቻቸውን ያጡት በእርሱ ነው።

«መንግሥታት እውቅና ያልሰጡት ነገር አልተረጋገጠም ማለት ነው።»

የአርመኖችን ፍጅት ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ፈረንሳይ በ2001፣ የጀርመን ፓርላማ በ2016 ዘር ማጥፋት ነው ብለው እውቅና ሰጡት፤ አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ምክር ቤቶች በ2019 ከወሰኑ በኋላ ፕሬዚዳንት ባይደን በሚያዝያ 2021 ቃሉን ተጠቀሙበት። በእነዚህ ዓመታት መካከል የተለወጠው ማስረጃው አይደለም። ቱርክ የኔቶ አባልና የጦር ሰፈር ሰጪ ስለሆነች፣ ዋሽንግተን እውነቱን ከወዳጅነቱ ጋር ስትመዝን ኖረች። በሩዋንዳም ግድያው ገና ሳይቆም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይ «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» እያሉ፣ «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ብቻውን ላለመጥራት ሲጠነቀቁ ተሰምተዋል፤ ቃሉ የእርምጃ ግዴታ ያመጣል ተብሎ ተሰግቶ ነበርና።

«ክህደት ማለት 'ምንም አልተፈጸመም' ማለት ነው።»

እንዲህ ብሎ የሚክድ ጥቂት ነው። ክህደት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በከፊል እውነት ተሸፍኖ ነው፦ ጦርነት ነበር፣ በሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፣ ሰዎቹ እንዲዛወሩ እንጂ እንዲገደሉ አልታዘዘም፣ ቁጥሩ ተጋኗል። የቱርክ መንግሥት የአርመኖችን ጉዳይ የሚመልሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ለመረዳት ሰሜን ሸዋን መመልከት ይበቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ደብረ ሊባኖስ በሴራው ተባባሪ ነው ተባለ። በግንቦት ወር፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር በገዳሙ የተገኙትን ሰብስቦ በከባድ መኪና ወደ መግደያው ስፍራ አመላለሳቸው። ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች እንደተረሸኑ ገለጸ፤ በመጀመሪያ የተተዉት 129 ዲያቆናትም ከቀናት በኋላ በደብረ ብርሃን አካባቢ እንገጫ ላይ ተገደሉ። 449 የሚለው ቁጥር የገዳዮቹ ድምር ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የምስክሮችን ቃል ያሰባሰበ ጥናት ግን ሟቾቹን ከ1,400 እስከ 2,000 አድርሷቸዋል። ገዳይ የጻፈውን ቁጥር ብቻ «የተረጋገጠ» ማለት ሳያውቁ ለካጁ መመስከር ነው።

መንዝ ውስጥ ዘረት ላይ በአመጸኛ ዋሻ የሆነውም እንዲሁ ነው። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከአርበኞች ጋር ሴቶችና ቁስለኞች የተጠለሉበት ዋሻ በመርዝ ጋዝ ተደበደበ፤ እጅ የሰጡትም ወንዶች ተረሸኑ። ያገሬው ሰው ነገሩን አልረሳውም፤ የዓለም ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በአግባቡ ያወቁት ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ የወታደሮቹን ሰነድ ሲያገኝ ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ መርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። ግራዚያኒ ለኢትዮጵያ ደም አልተጠየቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በገዛ አገሩ 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ሲሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ቆመለት።

«ዘር ማጥፋት ካልተባለ ወንጀሉ ቀላል ነው።»

በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልና የጦር ወንጀል በሕግ ከዘር ማጥፋት ያነሱ ተብለው የተመደቡ አይደሉም። የደብረ ሊባኖስን ግድያ ዘር ማጥፋት ነው ብሎ የበየነ ፍርድ ቤት ስለሌለ፣ ብያኔ እንዳለ አድርጌ አላስተምርም። ይሁን እንጂ «በቀል ነበር» የሚለው መልስ አያሳምነኝም፤ በቀል የማጥፋት ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ የማጥፋትን ሐሳብ ግን አይሽርም።

«እውቅና ከመጣ ካሣ አብሮ ይመጣል።»

ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1908 በናሚቢያ በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የፈጸመችውን በ2021 ዘር ማጥፋት ብላ ስታምን፣ ልትሰጥ ያቀደችውን 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ካሣ ብላ ለመጥራት አልፈቀደችም። በአንጻሩ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 የሰላም ውል መሠረት ለኢትዮጵያ ካሣ ከፍላለች፤ የቆቃ ግድብም የተሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። ማንም ግን ስለ ዘረት አንዲት ቃል እንዲጽፍ አልተገደደም።

«እውቅና ስላለፈው ብቻ ነው።»

ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከተጠለሉት አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ የእኛንስ ስሙን መቼ ነው የሚሰጡት?» አሉኝ። ስም የመስጠቱ ሥራ ምርመራና ፍርድ ቤት እንደሚፈልግ፣ ጊዜም እንደሚወስድ ነገርኳቸው። ከዚያም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949 ያን ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ እንዳጸደቀች፣ በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ2007 ስለ ስሬብሬኒትሳ ሲፈርድ፣ የመከላከሉ ግዴታ የሚጀምረው ስሙ ሲጸድቅ ሳይሆን መንግሥት የከባድ አደጋ ምልክት ሲያውቅ ነው እንዳለ አስረዳኋቸው። «እኛማ ቀድመን ነግረናቸው ነበር» አሉኝ።