ኢንተርኔትና ዋጋው በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መንደሮች

በዩናይትድ ስቴትስ በነባር ሕዝቦች ይዞታ ለሚኖር ቤተሰብ ኢንተርኔት ሁለት ጊዜ ይርቃል፤ አንድም መስመሩ ደጃፉ አይደርስም፣ ሲደርስም ወርሃዊ ክፍያው ኪሱን ይጎዳል።

ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ ግዛት ከአሪዞና እስከ ዩታና ኒው ሜክሲኮ 71 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ቤቶቹ ተራርቀው የተበታተኑ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ያልገባላቸውም በሺዎች ይቆጠራሉ። ለጥቂት ደንበኛ ረጅም መስመር መዘርጋት ኩባንያዎችን አያጓጓም። መሬቱም በፌዴራል መንግሥት አደራ የተያዘ በመሆኑ ምሰሶ ለመትከል እንኳ ፈቃድ መጠበቅ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ሲዘጉ፣ ተማሪዎች ዋይፋይ ያለበት ሕንፃ ደጃፍ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። አንድ ልጅ ለመማር ይህን ያህል መንከራተት አልነበረበትም።

ክፍያን ለማቅለል የቆየው ድጎማ እ.ኤ.አ. በ1985 ለስልክ የተጀመረው፣ በኋላ ኢንተርኔትንም ያካተተው ላይፍላይን የተባለ የፌዴራል ፕሮግራም ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ በወር 9.25 ዶላር፣ በነባር ሕዝቦች ይዞታ ለሚኖር ደግሞ እስከ 34.25 ዶላር ይቀንሳል። ብዙ ቤቶች የመንገድ ስምና ቁጥር ስለሌላቸው ቅጹ ላይ አድራሻ መሙላቱ ራሱ ፈተና ነው።

ትልቁ እፎይታ የመጣው በ2022 መግቢያ፣ የኢንተርኔት ክፍያን በሚደጉመው ኤሲፒ በተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ነበር። በሌላው የአገሪቱ ክፍል በወር እስከ 30 ዶላር፣ በእነዚህ ይዞታዎች ግን እስከ 75 ዶላር ይሸፍን ነበር። የወር ሂሳቡ 75 ዶላር የሆነ ቤት ምንም አይከፍልም ማለት ነው። ኮንግረስ ተጨማሪ በጀት ባለመፍቀዱ ግን ምዝገባው በየካቲት 2024 ቆመ፤ በሰኔ መጀመሪያም ፕሮግራሙ ተዘጋ። ያን ጊዜ ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ተመዝግበውበት ነበር። ያው ቤት ላይፍላይን ቢያገኝ እንኳ 40.75 ዶላር ከኪሱ ያወጣል። ለድሃ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ድጎማውን ማቋረጥም ትልቅ በደል ነበር።

አንዳንድ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን አገልግሎት ማቋቋም መርጠዋል። በ2020 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በገጠር ይዞታዎቻቸው ላይ ያልተያዘውን፣ ለገመድ አልባ ኢንተርኔት የሚያገለግለውን የ2.5 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ቅድሚያ ሰጥቶ ያለ ጨረታ እንዲወስዱ ፈቀደላቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ ሞገድ የተጠቀሙት ሃቫሱፓይ የተባሉት የአሪዞና ነባር ሕዝቦች ናቸው። መንደራቸው ሱፓይ በግራንድ ካንየን ገደል ሥር ትገኛለች፤ መኪና አይደርስባትም፣ ፖስታዋም ዛሬ ድረስ በበቅሎ ጀርባ ይወርዳል።