ወይና ደጋ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ሰፋ ያለ ግቢ ገብታችሁ ዞር ዞር በሉ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ለዳቦ የሚቆረጥ ኮባ ቆሟል። ከአጠገቡ ሙዝ። አጥሩ ሥር ጎመንና ጤና አዳም፣ በሩ ጋ ጽጌረዳ፣ ጥግ ላይ ኮክ። ሙዝ የሙቀት አገር ተክል ነው፤ ኮክ ደግሞ ብርድ ካላገኘ በደንብ አያፈራም። እነዚህ ሁለቱ እንዴት ጎረቤት ሆኑ?

መልሱ ትምህርት ቤት የሸመደድናት ቃል ናት፦ ወይና ደጋ። ወይን የሚበቅልበት ደጋ እንደማለት ነው። በተለመደው አከፋፈል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ወይም 2,400 ሜትር ያለው አገር ነው። ከሥሩ ቆላ፣ ከላዩ ደጋ፣ ከሁሉም በላይ ውርጭ አለ። አዲስ አበባ እንግዲህ ድንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ወደ አቃቂ ስትወርዱ ወይና ደጋ ነው፤ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ግን ጋቢ ያስፈልጋል።

100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ግን አርባ ምንጭ ላይ ሙዝ ገዝታችሁ ወደ ጨንቻ ብትወጡ፣ 40 ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ አፕል የሚሸጥበት አገር ትደርሳላችሁ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከፍታው ሳይሆን ሌሊቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብርድ በዓመት አንዴ መጥቶ ለወራት ይሰነብታል። እኛ ጋ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል። ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ይብሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ መሬቱን ይሸፍናል፤ ደመናው ሲነሳ የቀኑ ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ይበናል።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል። ይህን የተማርኩት ከፓፓያዬ ነው። ግቢው ወደ ታች የሚያዘቀዝቅበት ጥግ፣ የብሎኬቱ አጥር ሥር ተከልኳት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ሳሩ አመዳይ ለብሶ፣ የፓፓያዋ ቅጠል እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ አገኘሁት። አጥሩ ብርዱን ገድቦ አቁሮላታል! ሁለተኛዋን ከፍ ካለው ቦታ፣ የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው የማድ ቤት ግድግዳ ጋ አስጠጋኋት። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣታል። እስካሁን አለች።

መኖርና ማፍራት ግን ይለያያሉ። ቆላ ላይ ዓመት ገደማ የሚበቃው ሙዝ እዚህ በጣም ይዘገያል። ጽጌረዳ በተቃራኒው ቀዝቀዝ ሲልላት ቀስ ብላ ታድግና አበባዋ ይተልቃል። ስለዚህ ችግኝ ሻጩን «ይበቅላል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሁሉም ይበቅላል ነው የሚላችሁ። «እዚሁ ሰፈር ሲያፈራ አይተሃል?» በሉት።

አፕል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቅጠሉን አራግፎ ካልተኛ በደንብ አያብብም፤ ከእንቅልፉ በደንብ ለመንቃት ደግሞ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓታት ይፈልጋል። እንደ «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» ያሉት ዝርያዎች ጥቂት ብርድ ይበቃቸዋል። ሁለቱን አብሮ መትከል ነው፤ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ይሰጣል። የእኔዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን እንደለበሱ ቀሩ። አንድ ባለሙያ ቅጠሉን በእጅሽ አራግፊው አለኝ። ኅዳር ላይ መሰላል አቁሜ አንድ በአንድ ስለቅም ጎረቤቴ እትዬ በአጥር አይተውኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ዛፉ ምን በደለሽ?» አሉ።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ራቁቱ ቅርንጫፍ ላይ ነጭና ሮዝ አበባ ፈነዳ። ሰባት አፕል አወጣሁ። ሁለቱን ለእትዬ ወሰድኩላቸው። አንዱን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው ገመጡና፣ «ለካ ፀጉሩን መላጨት ኖሯል!» አሉኝ።