የድሮው ልብስ ማድረቂያ ማሽን ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ጠዋት ሽቦ ላይ የተሰጣ አንሶላ ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል። ፀሐዩ አለ። በአካባቢው ኮረብቶች ላይ የቆሙትን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስም አለ። እዚህ ሰው የሚማረረው በአቧራው እንጂ ልብሴ አልደረቀም ብሎ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ፍራንኮ አካባቢ በአንድ ጥገና ቤት የኋላ ሽፋኑ ተፈቶ የቆመ አሮጌ የአሜሪካ ልብስ ማድረቂያ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከውጭ ይዘውት የመጡት አዛውንት ጠጋኙን «ልጄ፣ ይህ ነገር ምጣድ ነው ወይስ ማራገቢያ?» ብለው ጠየቁት። «ሁለቱም ነው አባባ፤ ማራገቢያነቱ ግን ይበልጣል» አላቸው። እኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላውቅም።

ማድረቂያ ማሽን ልብስን በሙቀት የሚያደርቅ ምድጃ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱን ጠርጎ ከቤት የሚያስወጣው ግን አየር ነው። አየሩ ባለበት ከቆመ በእርጥበት ይጠግባል፤ ያን ጊዜ ልብሱ ይታጠናል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ሞተሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል በቺንጋ ትልቁን በርሜል ያዞራል፤ በሌላ በኩል ማራገቢያውን ያሽከረክራል። አየሩ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ ባለ የጋለ ሽቦ በኩል ወይም በጋዝ እሳት በኩል አልፎ ወደ በርሜሉ ይገባል፣ እርጥበቱን ይዞ በብናኝ ማጣሪያው ያልፋል፣ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ማጣሪያው ካልተጠረገ የተጠራቀመው የጨርቅ ብናኝ ቃጠሎ ሊያስነሳ ይችላል፤ ይህ ዛሬም ያው ነው።

የበርሜሉ ፍጥነት ራሱ የታሰበበት ነው። በደቂቃ ወደ 50 ዙር ገደማ ይዞራል። በጣም ቢፈጥን ልብሱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ በጣም ቢዘገይ ከታች ይከመራል። በመካከለኛው ፍጥነት ግን በውስጥ ያሉት ጎባጣ ክንፎች ልብሱን አንስተው ከላይ ይለቁታል፤ ሲወድቅ ይዘረጋል፣ አየርም በመካከሉ ያልፋል። ሽቦ ላይ ያለ አንሶላ በነፋስ እንደሚርገበገበው ማለት ነው።

በክረምት ለነገ የሚለበስ ዩኒፎርም ከከሰል ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ዘርግቶ ያሳደረ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ፈልሳፊዎች ሐሳብ ያውቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ገደማ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ የተበሳሳ የብረት በርሜል እሳት ላይ አስቀምጦ በእጅ የሚዞር ማድረቂያ ሠራ። በ1892 ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ሳምፕሰን ከምድጃ በላይ ለሚሰቀል ማድረቂያ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አገኘ። በሞተር የሚሠራው ዘመናዊ ማሽን ግን በአሜሪካ ካለችው ከኖርዝ ዳኮታ ግዛት ብርድ የመጣ ነው። ሮስ ሙር የተባለ ሰው እናቱ በዚያ ውርጭ ልብስ ለማስጣት ደጅ መውጣቷ ይቅር ብሎ ጀመረው። ሐሳቡም በሃሚልተን ኩባንያ እጅ «ጁን ዴይ» ተብሎ በ1938 ገበያ ወጣ። የሰኔ ቀን ማለት ነው፤ በእነርሱ አገር ሰኔ የበጋ መግቢያ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አሮጌው ማሽን ልብሱ መድረቁን የሚያውቅበት መንገድ ነው። ኮምፒውተር የለውም። የሚያውቀው በሚወጣው አየር ሙቀት ነው። የሸክላ እንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ሰርጎ የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ እዚህም ያው ነው። ልብሱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቃል፤ በቱቦው የሚወጣው አየርም ብዙ አይሞቅም። ውሃው ሲያልቅ ሙቀቱ የሚውልበት ያጣል፤ የሚወጣው አየርም መጋል ይጀምራል። በመውጫው ላይ ያለው ቴርሞስታት (ሙቀት ተቆጣጣሪ) ከሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ሳህን አለው። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ሳህኑ ይቆለመማል፣ የሬዚስታንሱንም መስመር ይቆርጣል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል።

ረቂቁ ሥራ ከዚህ ይቀጥላል። ሰዓት ቆጣሪው የራሱ ትንሽ ሞተር አለው፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ራሱ እንዲያበቃ ሲመረጥ ይህ ሞተር ከቴርሞስታቱ ጎን ለጎን ይያያዛል። ቴርሞስታቱ ሲገናኝ ኤሌክትሪኩ ቀላሉን መንገድ መርጦ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ቆጣሪው ይቆማል። ሲቆርጥ ግን ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው ሞተርና በሬዚስታንሱ በኩል ያልፋል። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ሬዚስታንሱን አያግለውም፤ ቆጣሪውን ግን ያስኬዳል። ስለዚህ ልብሱ እርጥብ ሳለ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቃል። ቴርሞስታቱ ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ሲጀምር ሰዓቱም ወደ ማብቂያው ይገፋል። ካልሲ ቢገባበት፣ ከባድ ጋቢ ቢገባበት የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አንድ የሚቆለመም ሳህንና ጥቂት ሽቦ ናቸው፤ የነደፈውን ሰው አከብረዋለሁ።

ሌሎቹ ልማዶቹ ከገበያ የመጡ ናቸው። ንድፍ አውጪው ብሩክስ ስቲቨንስ ለሃሚልተን ማሽን የመስታወት በር አስገጠመለት፤ ሱቅ ውስጥ የደመቀ ቀለም ያላቸው ቁምጣዎች ሲገለባበጡ ገዢው እንዲያይ ነው። ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ ማድረቁን ሲጨርስ አጭር ዜማ የሚያሰማ ማሽን ሸጧል። አንዳንዶቹ በርሜሉ ውስጥ ትንሽ የአልትራቫዮሌት አምፖል ነበራቸው። አምፖሉ ኦዞን የተባለ ሽታ ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ልብሱ ፀሐይ ላይ የዋለ እንዲሸት የታሰበ ነበር። ይህ ልቤን ይነካዋል፦ ፀሐዩን ትተው ማሽን የገዙት ሰዎች ሽታው ናፍቋቸው ነበር። ቱቦ የማያስፈልጋቸው ዓይነቶችም ነበሩ፤ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውሃ መልሰው ውሃ አድርገው ወደ ፍሳሽ ይለቁታል። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት እንዲህ ያለውን አልመክርም።

የአዛውንቱ ማሽን ባለ ቱቦ ነው። የተሠራው ግን ለአሜሪካ መብራት ነው፤ ሬዚስታንሱ 240 ቮልት፣ ሞተሩ 120 ቮልት፣ ድግግሞሹ (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት) 60 ኸርዝ። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። 5000 ዋት የነበረው ሬዚስታንስ እዚህ ወደ 4200 ዋት ይወርዳል፤ ይህ አይጎዳውም። ሞተሩ ግን በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላልና ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም፤ የሞተሮቹ ፍጥነት ደግሞ ድግግሞሹን ይከተላል፤ ስለዚህ በርሜሉ፣ ማራገቢያውና ቆጣሪው ሁሉ በአንድ ስድስተኛ ይዘገያሉ። ጠጋኙ ይህን ሲያስረዳ አዛውንቱ «ታዲያ ሰዓቱን በምን ልመነው?» አሉት። ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ከቆጣሪው አጠገብ ለጠፈና በእስክሪብቶ «60 ማለት 72 ደቂቃ» ብሎ ጻፈበት።