ክላፓም ጃንክሽን፦ ባቡር የሚቀየርበት ጣቢያ

ክላፓም ጃንክሽን በደቡብ ምዕራብ ለንደን የሚገኝ የባቡር ጣቢያ ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ጣቢያው ያለው ክላፓም ሳይሆን ባተርሲ ሰፈር ነው። ጣቢያው ሲከፈት ባተርሲ ፋብሪካና ድህነት የበዛበት ስለነበር፣ የባቡር ኩባንያዎቹ ራቅ ብሎ ያለውን የደህና ኑሮ ሰፈር ስም መረጡ። ባተርሲ የተበደለ ይመስለኛል።

ሐዲዱ ከጣቢያው ይቀድማል። ወደ ሳውዝሃምፕተን የሚያመራው መስመር እ.ኤ.አ. በ1838 ሲከፈት፣ እዚህ የሚቆም ባቡር አልነበረም። በኋላ ወደ ሪችመንድና ወደ ቪክቶሪያ የሚሄዱት መስመሮች ተጨመሩ። ጣቢያው በ1863 ተከፈተ።

የጣቢያው ትልቁ ጥቅም ባቡር ማስቀየሩ ነው። ከዋተርሉና ከቪክቶሪያ፣ ማለትም ከሁለቱ ትልልቅ የለንደን ጣቢያዎች የሚነሱት መስመሮች እዚህ ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደየአቅጣጫቸው ይበታተናሉ። ከብራይተን ተነስቶ ሪችመንድ የሚሄድ ሰው መሃል ከተማ ገብቶ መመለስ አያስፈልገውም። እዚህ ይወርዳል፣ ፕላትፎርም ይቀይራል፣ መንገዱን ይቀጥላል። በቀን ወደ 2,000 ባቡሮች ያልፋሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይቆማሉ። 17ቱን ፕላትፎርሞች የሚያገናኙት ከላይ ድልድይ፣ ከታች ደግሞ ጠባብ የእግረኛ መተላለፊያ ናቸው። በሥራ መግቢያ ሰዓት መተላለፊያው ጢም ይላል።

የጣቢያው ስም ከአንድ ከባድ ሐዘን ጋርም ይነሳል። ዲሴምበር 12 ቀን 1988 ጠዋት፣ ከጣቢያው ትንሽ አለፍ ብሎ የቆመን ባቡር ሌላ ባቡር ከኋላው ገጨው። 35 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሥራ ለመግባት የወጡ ነበሩ። መንስኤው የምልክት መብራቱ ሽቦ ሲታደስ አሮጌው በደንብ አለመነሳቱ ነው። ሽቦውን የሠራው ቴክኒሻን በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ እንደነበር ምርመራው አረጋገጠ። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጣል ልክ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለደህንነት ወሳኝ በሆነ ሥራ ላይ ያሉ የባቡር ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብ ተበጀለት። ሐዲዱን ቁልቁል በሚያይ ስፍራ፣ ስፔንሰር ፓርክ ላይ፣ ለሟቾቹ መታሰቢያ ቆሟል።

እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ደግሞ የለንደን ኦቨርግራውንድ የሚባለው የከተማ ባቡር አገልግሎት ከሰሪ ኪስ ጣቢያ በኩል እዚህ ደረሰ። በዚህም መሃል ከተማውን የሚዞረው የባቡር ቀለበት ተዘጋ። ቀለበቱን ግን አንድ ባቡር ብቻውን አይዞረውም። ዛሬ ማይልድሜይና ዊንድረሽ የሚባሉት መስመሮች ሁለቱም ጉዟቸውን እዚሁ ይጨርሳሉ፤ ዙሩን መቀጠል የሚፈልግ ተሳፋሪ ወርዶ ይቀይራል።