ሪቦር ምንድን ነው? የድሮ ቬስፓ ሞተር ይታደስ ወይስ ትልቅ ይገጠምበት?

የድሮ ቬስፓ ያለው ሰው ይህ ጥያቄ አንድ ቀን አይቀርለትም። ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ጠዋት ለማስነሳት አሥር ጊዜ መርገጥ ይጠይቃል። መካኒኩ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ያወርዳል፣ ሲሊንደሩን አውጥቶ ጣቱን ውስጡ ያዞራል፣ ከዚያ «ሪቦር ይፈልጋል» ይላል። አጠገቡ የቆመው ጓደኛ ደግሞ «ከተከፈተ አይቀር ትልቁን ኪት አስገጥምበት፣ ይበርልሃል» ይላል። ኪት የሚለው ተለቅ ያለ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ነው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሪቦር ማለት የተበላን ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቱቦ፣ ውስጡን በጥቂቱ አስፍቶ፣ ለሰፋው ቀዳዳ የሚሆን ተለቅ ያለ ፒስተን መግጠም ነው። ይህ ተለቅ ያለው ፒስተን ኦቨርሳይዝ ይባላል።

ለምን ያስፈልጋል? ፒስተኑ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት) የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፈትገዋል። ግን እኩል አይበላውም። ከላይ፣ ፋሻው ደርሶ በሚመለስበት አካባቢ፣ ሙቀቱም ግፊቱም ስለሚበረታ ይብሳል። ክቡ ቀስ በቀስ ሞላላ ይሆናል። ብዙ ሰው ወጪ ለመቀነስ አዲስ ፋሻ ብቻ አስገብቶ ይዘጋዋል፤ ለጥቂት ሳምንት ደህና ይመስልና ይመለስበታል፣ ምክንያቱም ክብ ፋሻ ሞላላ ቀዳዳን አይዘጋም።

ምን ያህል እንደተበላ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፋሻውን ከፒስተኑ አውጡና ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱት። ቀጥ እንዲል በፒስተኑ ራስ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። አሁን በሁለቱ የፋሻ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። መጀመሪያ ብዙ በማይበላው በታችኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ ከላይ። የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 አካፍሉት። ክፍተቱ ከላይ በ0.3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ሲሊንደሩ እዚያ ቦታ ላይ በ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቷል ማለት ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ብዙዎቹ በፈረንጆች 1960ዎቹ የተሠሩ ቬስፓ 150 ሞተሮች የሲሊንደራቸው ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፒስተኑ ምትም (ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት) እንዲሁ 57። ይህ 145 ሲሲ ይሰጣል። ኦቨርሳይዝ ፒስተኖች በ0.2 ሚሊ ሜትር እያደጉ ይመጣሉ፦ 57.2፣ 57.4፣ 57.6 እያለ። 57.4 ብታስገቡ የምታገኙት 147 ሲሲ ገደማ ነው። ሁለት ሲሲ! ስለዚህ ሪቦር ጉልበት አይጨምርም፤ የጠፋውን ነው የሚመልሰው። ለዚህ ሞተር የሚሸጠው የታወቀው ትልቅ ኪት ግን 63 ሚሊ ሜትር ፒስተን ከነሲሊንደሩ ነው፣ 177 ሲሲ ይሆናል። ከመጀመሪያው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጭማሪ ነው።

ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ኪቱ ሲሊንደሩን ብቻ ነው የሚቀይረው። ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስተኑን ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ለ145 ሲሲ የተሠሩና ስድሳ ዓመት የሠሩ ናቸው። ፍሬኑም ያው የድሮው ከበሮ ፍሬን ነው፤ ፍጥነት ሲጨመር እሱ አብሮ አይጨምርም። ኪት ማስገባት የፈለገ ሰው እነዚህን ሁሉ ፈትሾ፣ ካርቡራቶሩንም አስተካክሎ መሆን አለበት፤ ወጪው ከኪቱ ዋጋ በላይ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቬስፓው የተሠራው ደግሞ ፖንቴዴራ፣ ጣልያን ውስጥ፣ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ካርቡራቶሩ እዚያ በተለካለት ጄት (ቤንዚን በሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ) ቤንዚኑን እንደ ድሮው ሲያፈስ አየሩ አይበቃውም፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ባለቤቱ «ሞተሩ አለቀ» ይላል። አነስ ያለ ጄት ብቻ ሊሆን ይችላል የሚያስፈልገው። ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) እዩት፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ሞተር ስለሆነ ጥላሸቱ ተከማችቶ ያንቀዋል። ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ጨርሱ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሲሊንደሩ ገና የሚሰፋ ከሆነ ሪቦር አድርጉት። ኪት የሚገባው ሲሊንደሩ የመጨረሻው ኦቨርሳይዝ ላይ ሲደርስ ወይም ሲሰነጠቅ ነው፤ ያኔ ለማንኛውም ሲሊንደር ልትገዙ ነው። ያኔም ቢሆን የድሮውን አትጣሉት፣ ግራሶ ቀብታችሁ አስቀምጡት።

ሪቦር ራሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እኔም በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የኔን ቬስፓ አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቆርጥ ወርክሾፕ) ወደ 57.4 አሰፋልኝ። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አርባ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ከሞተሩ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ መጣ። ስንከፍተው ፋሻው ሦስት ቦታ ተሰብሯል፣ ግድግዳው ላይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የዚህ ሞተር ሲሊንደር ጋዝ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው መስኮቶች አሉት። ሲሰፋ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። ያንን ጠርዝ በትንሽ ሞረድ ማለዘብ ያስፈልጋል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አልተሠራም። ጭረቱን ለማጥፋት ወደ 57.8 መሄድ ነበረብኝ፤ ሁለት ደረጃ እንዲሁ ባከነ።

ሌላው የፒስተንና የሲሊንደር ክፍተት ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከዚህ ብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ቀዳዳው ጠበብ ካለ ሞተሩ መንገድ ላይ ግሪፕ ያደርጋል፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፣ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይህ ደግሞ ሰው ይጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ፣ ከዚያ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሲሊንደሩ የሚሰፋው እጃችሁ ላይ ላለው ፒስተን እንጂ ወረቀት ላይ ለተጻፈ ቁጥር አይደለም።

ሞተሩ እንደተከፈተ የክራንክ ሻፍቱን ፓራኦሊዮዎችም (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ቀይሩ። ያረጀ ፓራኦሊዮ አየር ያስገባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ አዲሱ ፒስተን ከልክ በላይ ይግላል፤ ሪቦሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ቶርኖ ቤቱን ለመምረጥ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ፒስተኑን ይዤ ልምጣ?» በሉት። ቀጥሎ «የመስኮቶቹን ጠርዝ ማን ነው የሚያለዝበው?» በሉት። «ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ» ካላችሁ፣ ሲሊንደራችሁን ይዛችሁ ውጡ።