«90 ፐርሰንት» የሚሉት ነገር፦ የሃያስያን አቀባበል ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም ልታስጭኑ ስትገቡ፣ ልጁ ፎልደሩን ወደ ታች እያወረደ «ይሄ ዶክመንተሪ 90 ፐርሰንት ነው፣ ልጫንላችሁ?» ይላችኋል። ምኑ ነው 90 የሆነው ብትሉት «ሬቲንጉ ነዋ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ይዞራል። አይፈረድበትም፣ ወረፋ አለበት። ግን ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው፣ በተለይ ፊልሙ ስለ አንድ ኮሜዲያን ገመና ከሆነ።

አንድ ፊልም ሲወጣ ሥራቸው ፊልም አይቶ መጻፍ የሆነ ሰዎች አሉ፤ ሃያስያን የምንላቸው። ምኑን ወደዱት፣ ምኑ ጎረበጣቸው፣ በየትኛው ነጥብ እርስ በርስ ተከራከሩ፤ የዚህ ሁሉ ድምር ነው የሃያስያን አቀባበል። ስንት ሰው አየው፣ ስንት ብር አስገባ የሚለው ሌላ ወሬ ነው።

ፐርሰንቱን በብዛት የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ከተጀመረው ሮተን ቶሜቶስ ከሚባለው ድረ ገጽ ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሃያሲ ወይ ወዶታል ወይ አልወደደውም ተብሎ ይመደብና የወደዱት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይሰላል። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ቲማቲም ይለጠፍለታል፣ ከዚያ በታች ከሆነ የፈረጠ አረንጓዴ። አለቀ። አሁን 10 ሰው አንድ ወጥ ቀምሶ አስሩም «ምንም አይልም፣ ይበላል» ቢሉ ወጡ 100 ያገኛል። ስድስቱ «እጅ ያስቆረጥማል» ብለው አራቱ ፊታቸውን ቢያጨማድዱ ደግሞ 60። እኔ ሁለተኛውን ብቀምስ ነው የምመርጠው። ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላኛው ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከመቶ ነጥብ ሰጥቶ አማካዩን ስለሚያወጣ፣ «ይበላል» እና «እጅ ያስቆረጥማል» እዚያ አንድ አይደሉም።

እሺ፣ ኮሜዲያኑስ? ስለ ሰው የግል ሕይወት የተሠራ ዶክመንተሪ ላይ ሃያሲ ከካሜራውና ከአርትዖቱ በፊት የሚያነሳት ጥያቄ አለች። በሩን ማን ከፈተው? ቤተሰቡ ነው? የቀድሞ ሚስት ናት? ራሱ ኮሜዲያኑ ነው? በሩን የከፈተ ሰው የትኛውን ክፍል እንደሚያሳይና የትኛውን እንደሚቆልፍ ይወስናል።

ጁማንጂ ላይ የምታውቁትን አሜሪካዊ ኮሜዲያን ሮቢን ዊሊያምስን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ63 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። በ2018 ኤችቢኦ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ የወጣው የማሪና ዜኖቪች ዶክመንተሪ፣ «ካም ኢንሳይድ ማይ ማይንድ»፣ ከመድረክ ቅጂዎችና ከድሮ ቃለ መጠይቆች የሰውየውን የራሱን ድምፅ ሰብስቦ ታሪኩን በአብዛኛው ራሱ እንዲያወራው ያደርጋል፤ የመጀመሪያ ሚስቱ፣ ልጁና ጓደኞቹ ይጨመሩበታል። አብዛኞቹ ሃያስያን ወደዱት። የከፋቸው ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ አብረነው ቆይተን እንኳ ሰውየው ከቀልዱ ጀርባ እንደተደበቀ ነው አሉ። ይሄ ቅሬታ ለኔ ከሙገሳው ይልቅ ስለ ፊልሙ ብዙ ይነግረኛል፣ ምክንያቱም ራሱን ሲደብቅ የኖረን ሰው በራሱ አንደበት ብቻ እንዴት ታገኘዋለህ?

በ2020 ደግሞ «ሮቢንስ ዊሽ» መጣ። በሩን እዚህ ላይ የከፈተችው በሞት የተለያት ሚስቱ ናት። ፊልሙ ስለ መጨረሻ ጊዜያቱ ነው፤ በሕይወት ሳለ ፓርኪንሰን ነው የተባለው ሕመም፣ ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ሲመረመር ሊዊ ቦዲ የሚባለው አንጎልን የሚያጠቃ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አንድ ነው፣ ሁለቱ ፊልሞች ግን አይገናኙም። ፐርሰንታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የቱ ይበልጣል» ማለት ትርጉም የለውም።

ቻርሊ ቻፕሊን ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። በ1924 ሊታ ግሬይን ሲያገባ እሱ 35፣ እሷ 16 ነበሩ። በ2021 የወጣው «ዘ ሪል ቻርሊ ቻፕሊን» ይህን አላለፈውም። ድሮ የተቀረጹ ድምፆችን ይዞ ተዋንያን በአፋቸው እያስመሰሉ እንዲጫወቱትም አድርጓል። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የሚጻፍ ሂስ ሁለት ነገር ይመዝናል፦ ማስመሰሉ ለታሪኩ ጠቀመው ወይስ አደናቀፈው፣ ለልጅቷስ የሰጣት ቦታ በቂ ነው ወይ። ሰውየውን መውደድና መጥላት ከዚህ ውጭ ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው ማለት ቻፕሊን ጥሩ ባል ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ጋ ይምታታበታል።

ሌላ ደግሞ አለ። ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ላይ በመቶ የሚቆጠር ሃያሲ ይጽፋል፣ ዶክመንተሪ ላይ ግን አንዳንዴ አስርም አይሞላም። አስር ሰው የሰጠው 90 አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር 80 ነው። ስለዚህ ከፐርሰንቱ አጠገብ ያለችውን የጸሐፊዎች ብዛት እዩ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ አንድ የወደደና አንድ ያልወደደ ሰው የጻፈውን አንብቡ፣ ያልወደደውን አስቀድሙ።

እኛ ጋ እንዲህ ፊልምን የመሔስ ልማድ ብዙም የለም። የአለባቸው ተካና የተስፋዬ ካሳ ቀልድ በካሴት ዘመን ያላሳቀው ቤት ጥቂት ነው፤ ዛሬ ስለ ኮሜዲያን ሕይወት የሚቀርበው ግን በብዛት የዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ ነው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር»፣ «አስለቀሳችሁን» ተብሎ ይሞላል። ይህ ለሰውየው ያለን ፍቅር ነው፣ ደስ ይላል። ስለ ሥራው ግን ምንም አልተባለም፦ ማን ተጠየቀ፣ ማን ቀረ፣ ዘፈኑ የገባው ታሪኩ ስለፈለገው ነው ወይስ እንድናለቅስ።