ከሳንባ ነቀርሳ በኋላ የሚመጣ የደረት መጎድጎድ ምንድን ነው?

የ6 ወሩን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሥርዓቱ ጨርሶ መዳኑ የተነገረው ሰው፣ ከወራት በኋላ ልብሱን ሲቀይር አንደኛው የደረቱ ጎን ከሌላው ጎድጎድ ብሎ፣ ትከሻውም ወደዚያው ወርዶ ቢያገኘው፣ ዳገት ሲወጣም ትንፋሽ ቢያጥረው፣ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «አገረሸብኝ» የሚል ነው። ሐሳቡ ሊናቅ አይገባም፤ በምርመራ መጣራት አለበት። ሆኖም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ጠባሳው በሳንባውና በሳንባው ሽፋን ላይ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ከነቀርሳ በኋላ የሚቀር የሳንባ ጉዳት ይባላል። የዘርፉ ባለሙያዎች ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ላይ ተሰብስበው ስለዚህ ጉዳት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያካሄዱት በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ካሳወቀበት ከ1882 እ.ኤ.አ. ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘግይቷል።

ደረቱ የሚጎደጉደው አጥንቱ ታሞ አይደለም፤ ከውስጥ ስለሚሳብ ነው። ሳንባን ሁለት ስስ ሽፋኖች ይከቡታል፤ አንዱ ሳንባውን፣ ሌላው የደረትን ግድግዳ የለበሰ ነው፤ በመካከላቸው ጥቂት ፈሳሽ ስላለ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ነቀርሳ ሽፋኑን ሲያጠቃ በዚያ ቦታ ውሃ ይቋጠራል፣ ሲብስም መግል ይሆናል፤ ሕመምተኛው ጎኔን ወጋኝ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። መግሉ ሳይወጣ ከቆየ ወይም ብግነቱ ከበረታ ሽፋኖቹ ይወፍራሉ፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። ጠባሳ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ቆዳን ጨምድዶ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ይህም የጎድን አጥንቶችን ያቀራርባል፣ አከርካሪን ያጎብጣል፣ ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ላይ ይስባል። እንዲህ የታሰረ ሳንባ በሙሉ ሊነፋ ስለማይችል ትንፋሽ ያጥራል።

ምርመራው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ራጅ የድሮውን ጠባሳ ያሳያል፤ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራም የባክቴሪያውን የዘር ቅንጣት ስለሚያነብ፣ ከዳነ ሰው አክታ የሞተውን ባክቴሪያ ቅሪት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀድሞ መታከምዎን ማወቅ አለበት፤ አክታውን በባክቴሪያ ማሳደጊያ መመርመር የሞተውን ከሕያው ይለያል። የሳንባን አቅም የሚለካው የትንፋሽ ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል።

ጠባሳው አይጠፋም፤ ለተመረጡ ሕመምተኞች ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና መግፈፍ ይቻላል፣ ለአብዛኛው ሰው ግን የሚጠቅመው የቀረውን ሳንባ ማጠንከር ነው። በየቀኑ ሜዳ ላይ መራመድ፣ ርቀቱንም ቀስ በቀስ መጨመር ጡንቻን ያበረታል። ትንፋሽ ሲያጥር ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን ሾጠጥ አድርጎ በቀስታ ማስወጣት ያሳርፋል። ትምባሆ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ የማገዶ ጭስም ያው ነው፣ እናቶች በጭስ በታፈነ ማጀት እንጀራ ሲጋግሩ የሚስቡት ጭስ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰብም ይህን ይወቅ፦ ባክቴሪያው አለመኖሩ ከተረጋገጠ ጠባሳ አይተላለፍም፤ የዳነን ሰው በሳሉ ምክንያት ማዕድ መለየት በደል ነው።

ደም ያለበት አክታ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ድንገተኛ የደረት ውጋትና የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የእግር እብጠት ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። ደም ሲታይ ነቀርሳ አገርሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ነቀርሳው በተወው ክፍተት ውስጥ ፈንገስ አድጎም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። መድኃኒቱ ሲያልቅ የተነሡትን ራጅ በጥንቃቄ ያስቀምጡትና እንዲህ ያለ ምልክት ታይቶ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ ሐኪሙ አዲሱን ጥላ ከአሮጌው የሚለየው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ነው።